ጨዋታውን ሳይነኩ ማሰራጨት፦ የግራፊክስ ካርድ ኢንኮደር የለወጠው

በ1080ፒ ጥራት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሄድ ጌም ሳይጨመቅ እንዳለ ቢላክ በየሰከንዱ ወደ 3 ጊጋቢት የሚጠጋ ዳታ ይሆናል። ዓይን ብዙም የማያስተውለው የቀለም ዝርዝር ተቀንሶለት እንኳ 1.5 ጊጋቢት ገደማ ይቀራል። የቀጥታ ስርጭት መድረኩ ትዊች ለእንዲህ ያለ ስርጭት የሚመክረው መጠን ግን 6 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ ቤቱ ተቀምጦ እየተጫወተ በቀጥታ የሚያሰራጭ ሰው ኮምፒውተሩ ምስሉን 250 እጥፍ ያህል ማሳነስ ይጠበቅበታል። ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ ደግሞ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በዚያችው ቅጽበት ውስጥ ጌሙ ራሱ የተጫዋቹን ትእዛዝ መቀበል፣ የጥይቱን መንገድ ማስላት፣ ቀጣዩን ምስል መሣል አለበት።

ስለ ጌም ስርጭት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ታዋቂ ስትሪመሮች ገቢና ዝና ነው። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው ለውጥ በግራፊክስ ካርድ ውስጥ ከምትገኝ አንዲት ትንሽ የቺፕ ክፍል እንደመጣ አምናለሁ። ለውጡን በምስል ጥራት ብቻ የሚመዝን ሰው ደግሞ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ይህች ክፍል በመጀመሪያ ለማሰራጨት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ቀነሰች። አሁን ደግሞ ትልልቆቹ መድረኮች በሰርቨሮቻቸው ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ ወደ ስትሪመሩ ቤት እያስገባች ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ብዙም ሲነገርለት አልሰማሁም፤ ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ትዊች በ2011 ሥራ ሲጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሸክሙ በሙሉ የሲፒዩው ነበር። ቪዲዮውን የሚጨምቀው፣ ማለትም ኢንኮደሩ፣ ኤክስ264 የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ በ2003 የጸደቀውን ኤች.264 የሚባል የመጭመቂያ ደንብ ይከተላል። በዘርፉ እስካሁን ድረስ ከተሠሩት ሁሉ በጥንካሬው የሚከበር ሥራ ነው። ኤክስ264 የፍጥነት ደረጃዎች አሉት። «ስሎው» የሚለውን ደረጃ የመረጠ ሰው ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ የምስል ቁራጭ ብዙ አማራጭ ሞክሮ የተሻለውን እንዲመርጥ ጊዜ ይሰጠዋል። «ቬሪ ፋስት» ሲሆን ደግሞ ፕሮግራሙ ጥቂት ሞክሮ ያገኘውን ይዞ ያልፋል። በዚያ ጊዜ የተለመደው የጌም ኮምፒውተር አራት ኮር ብቻ ነበረው፤ ጌሙም ኢንኮደሩም እነዚያኑ አራት ኮሮች ይሻሙ ነበር። ውጊያው ሲፋፋም፣ ፍንዳታና ጭስ ስክሪኑን ሲሞላው፣ ጌሙ የሲፒዩውን ጉልበት አጥብቆ የሚፈልግበት ቅጽበትና ኢንኮደሩ እጅግ የሚጨነቅበት ቅጽበት ይገጣጠማሉ። ተመልካቹ ለማየት የመጣበት ወሳኝ ሰዓት ላይ ስርጭቱ ይቆራረጣል፤ ተጫዋቹም በዚያው ሰዓት እጁ ይዘገይበታል።

ገንዘብ የነበራቸው ሰዎች መፍትሔ አገኙለት፤ ሁለት ኮምፒውተር ገዙ። አንደኛው ጌሙን ያጫውታል፤ ሁለተኛው በካፕቸር ካርድ ምስሉን ተቀብሎ ይጨምቅና ይልካል። ሁለተኛው ማሽን ሌላ ሥራ ስለሌለው ኤክስ264ን በ«ፋስት» ወይም በ«ሚዲየም» ማሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ምስሉ ይጠራል። ለዓመታት የሙያው መለኪያ ይኸው አሠራር ነበር። ጀማሪዎች «ጥሩ ስርጭት እንዴት ይገኛል?» ብለው ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስ ሌላ ኮምፒውተር፣ ካፕቸር ካርድ፣ ለድምፁ ደግሞ ሌላ ገመድና ማደባለቂያ የሚል ነበር። ይህን ማሟላት የሚችለው ከማን ቤት የመጣ ወጣት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ችሎታና አንደበት ያለው፣ ግን አንድ መካከለኛ ኮምፒውተር ብቻ ያለው ሰው ውድድሩን ከኋላ ነበር የሚጀምረው።

የጌም ምስል ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል፤ የግራፊክስ ካርዱ ውለታ የሚገባን ከዚያ በኋላ ነው። ቪዲዮ መጭመቅ በአመዛኙ ያለፈውን ፍሬም መልሶ መጠቀም ነው። ኤች.264 ምስሉን በወርድም በቁመትም 16 ፒክስል ወደሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍልና፣ ለእያንዳንዱ ካሬ «ይህ ቀድሞ ባለፈው ፍሬም ውስጥ የት ነበር?» ብሎ ይፈልጋል። ካገኘው ካሬው ወዴት እንደተንቀሳቀሰና የቀረውን ጥቂት ልዩነት ብቻ ይልካል። የዜና አንባቢ ቪዲዮ ቀላል የሚሆነው ከሰውየው ጀርባ ያለው ግድግዳ ስለማይንቀሳቀስ ነው። የተኩስ ጌም ተጫዋች ግን አይጡን ሲያዞር መላው ዓለም አብሮ ይዞራል፤ በአንድ ፍሬም ያልነበረ ሕንፃ በሚቀጥለው ብቅ ይላል። ፐብጂ የተባለው የተኩስ ጌም በ2017 በወጣ ጊዜ ስትሪመሮችን ያስመረረው ሣሩ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ቅጠል እያንዳንዱ በራሱ አቅጣጫ ሲወዛወዝ፣ ካለፈው ፍሬም ተመሳሳዩን መፈለግ ከንቱ ድካም ይሆናል። 6 ሜጋቢቱ ያልቃል፤ ኢንኮደሩ ዝርዝሩን እየጣለ በትልልቅ ካሬዎች ይሞላዋል፤ ተመልካቹ የሚያየው አረንጓዴ ጭቃ ነው። በዚያ ሣር ውስጥ የተኛውን ጠላት ተጫዋቹ ያየዋል፤ ተመልካቹ ግን ምን እንደተተኮሰበት እንኳ አያውቅም።

ፍለጋው ብዙ ጉልበት ቢፈልግም አሰልቺና ተደጋጋሚ ነው። ይህ ጠባዩ ለብቻው ለተሠራ ሰርኪዩት እጅግ ይመቸዋል። ኢንቴል በጃንዋሪ 2011 ክዊክ ሲንክን በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ አስገባ። ኤንቪዲያ በማርች 2012 ከጂቲኤክስ 680 ጋር ኤንቬንክ የተባለውን ኢንኮደር አመጣ፤ ኤኤምዲም በዚያው ሰሞን የራሱን ይዞ ቀረበ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኤንቬንክ ቪዲዮውን የሚጨምቀው ጌሙን በሚሥሉት ኮሮች አይደለም። ካርዱ ላይ ከእነሱ ተነጥሎ የተቀመጠ፣ ሥራው ይኸው ብቻ የሆነ ክፍል ነው። ወፍጮ እህል ከመፍጨት ሌላ ምንም እንደማይሠራ፣ ይህም ሰርኪዩት ምስል ከመጭመቅ በቀር ምንም አያውቅም፤ ፈጣንና ኃይል ቆጣቢ ያደረገውም ይኸው ነው። ጌሙ ቢከብድም ቢቀልም የእርሱ ሥራ አይነካበትም።

በኦክቶበር 2013 ኤንቪዲያ ሻዶውፕሌይ የተባለውን ፕሮግራም ሲያወጣ ተጫዋቾች ያለፉትን ጥቂት ደቂቃዎች ጌሙ ሳይዘገይባቸው መቅዳት ቻሉ። ለቀረጻ ግሩም ነበር፤ ቀረጻ ወደ ሃርድ ዲስክ ስለሚሄድ በሰከንድ 50 ሜጋቢት ቢፈስለትም ችግር የለውምና። ለስርጭት ግን በ3 ወይም በ6 ሜጋቢት ሲጨመቅ የኤንቬንክ ምስል ከኤክስ264 በግልጽ ያንስ ነበር። ሶፍትዌርን ነገ ማሻሻል ይቻላል፤ ሲሊከን ላይ የታተመ ሰርኪዩት ግን የተሠራ ዕለት የያዘውን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ «የካርድ ኢንኮደር ለቀረጻ፣ ሲፒዩ ለስርጭት» የሚለው ምክር እንደ ሕግ ተያዘ፤ ሕጉ ካረጀ በኋላም ብዙ ሰው ሲደግመው ኖረ።

ሕጉን ያፈረሱት በጥቂት ወራት ልዩነት የመጡ ሁለት ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ በሴፕቴምበር 2018 ቱሪንግ የተባለው ትውልድ፣ ማለትም የአርቲኤክስ 20 ካርዶች፣ በአዲስ የተነደፈ ኤንቬንክ ይዘው ወጡ። ኤንቪዲያ በኤች.264 እስከ 15 በመቶ የቢትሬት (በሰከንድ የሚላክ ዳታ) ቁጠባ እንደሚገኝ ተናገረ። የአምራች ማስታወቂያ ሁልጊዜ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ነገር ግን በዚህኛው ጉዳይ ነፃ ሆነው የሞከሩት ሰዎችም ውጤቱ ከኤክስ264 «ቬሪ ፋስት» በልጦ ከ«ሚዲየም» ጋር የሚወዳደር ሆኖ አግኝተውታል። የሁለት ኮምፒውተሩ ጥራት በአንድ ካርድ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ሶፍትዌር ነው፤ እኔ ከመጀመሪያው አሳንሼ አላየውም። ስትሪመሮች ሁሉ ለማለት ይቻላል የሚጠቀሙበት ኦቢኤስ በ2012 የተጀመረ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጌሙ ምስሉን ካርዱ ላይ ይሥላል። ኦቢኤስ የካሜራውን ምስልና ጽሑፉን ጨምሮ እዚያው ካርዱ ላይ ያቀናብረዋል። ከዚያ ፍሬሙ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይወርዳል፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ወደ ካርዱ ይወጣና ለኤንቬንክ ይሰጣል። ኢንኮደሩ እዚያው ካርዱ ላይ እያለ ምስሉ ደጅ ደርሶ ይመለስ ነበር። አንዱ ፍሬም 3 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ በሰከንድ 187 ሜጋባይት ያህል ይወርዳል፤ ያንኑ ያህል ይወጣል። መጠኑ ራሱ ያን ያህል አያስፈራም፤ የሚጎዳው በየፍሬሙ የሚያስከትለው ጥበቃ ነው። በፌብሩዋሪ 2019 የወጣው ኦቢኤስ 23፣ ከኤንቪዲያ ጋር በትብብር ተሠርቶ፣ ይህን ምልልስ አስቀረው። ፍሬሙ ካርዱን ሳይለቅ ተጨምቆ የሚወጣው ውጤት ብቻ ሆነ። ይህ ማሻሻያ የቱሪንግ ካርድ ላልነበራቸው፣ የቆየ የኤንቪዲያ ካርድ ለያዙ ሰዎችም ደረሰ። አዲስ ዕቃ ሳይገዛ በነፃ የተገኘ ፍጥነት በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ከዚያ በኋላ ለጀማሪ ሁለተኛ ኮምፒውተር እንዲገዛ መምከር ገንዘቡን ማባከን ሆነ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ የሞዴል ስም ብቻ አይቶ መግዛት ያሳስታል። በ2019 የወጣው የመጀመሪያው ጂቲኤክስ 1650 ከቱሪንግ ቤተሰብ ቢሆንም የተገጠመለት ኢንኮደር የቀድሞው ትውልድ ነበር። ያገለገለ ካርድ ለሚገዛ ሰው ይህ ልዩነት ዛሬም ገንዘብ ነው። ኤኤምዲ ደግሞ በኤች.264 ለረጅም ጊዜ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ካለፈውም ከሚመጣውም ፍሬም የሚበደሩትን ቢ-ፍሬሞች ወደ ኢንኮደሩ የመለሰው በ2022 ሲሆን፣ ልዩነቱ የጠበበው ከዚያ ወዲህ ነው።

ኢንኮደሩ የተለየ ክፍል ቢሆንም ስርጭቱ ካርዱን ጨርሶ አይነካውም ማለት ግን አይደለም። ኦቢኤስ ካሜራውን፣ ጽሑፉንና የጌሙን ምስል የሚያቀናብረው በተለመዱት የካርዱ ኮሮች ነው። ጌሙ ካርዱን እስከ 99 በመቶ ከያዘው ኦቢኤስ ተራ ያጣል፤ ኤንቬንክ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሎ እያለ ስርጭቱ ይንተባተባል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቢትሬቱን ይቀንሳል፤ አንዳንዱም ተናዶ ወደ ኤክስ264 ይመለሳል። የሚሠራው መድኃኒት የጌሙን ፍሬም ብዛት መገደብ ነው። ስክሪኑ 144 ኸርዝ ከሆነ ጌሙ 200 ፍሬም እንዲሠራ መልቀቅ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ገደቡ ለኦቢኤስ መተንፈሻ ይሰጠዋል።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጀመረው በ2022 ነው፤ እዚህ ግን ታሪኩ ከቺፑ ይልቅ የመድረኮቹ ይሆናል። ኤች.264 ዕድሜው ገፍቷል። ተተኪው ኤች.265 የተሻለ ቢጨምቅም የፈቃድ ክፍያው በተለያዩ የባለመብት ስብስቦች ተከፋፍሎ ስለተወሳሰበ ኢንተርኔት ላይ እንደልብ ሊስፋፋ አልቻለም። ስለዚህ ጉግል፣ አማዞን፣ ኔትፍሊክስ፣ ማይክሮሶፍት፣ ኢንቴል፣ ሞዚላና ሲስኮ በ2015 አንድ ኅብረት መሠረቱ፤ በ2018 ደግሞ ያለክፍያ የሚሠራበትን ኤቪ1 አወጡ። በሲፒዩ ኤቪ1ን በቀጥታ ስርጭት ፍጥነት፣ ያውም ጌም እየተጫወቱ መጭመቅ ለተራ ኮምፒውተር ከባድ ነበር። በ2022 ግን የኢንቴል አርክ፣ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 40 እና የኤኤምዲ 7900 ካርዶች ለኤቪ1 የተሠራ ኢንኮደር ይዘው ተከታተሉ። ኤንቪዲያ ከኤች.264 ጋር ሲነጻጸር 40 በመቶ የላቀ ቅልጥፍና አለው ይላል። ቁጥሩ እንደ ጌሙ ዓይነት ከፍ ዝቅ ቢልም፣ የፐብጂን ሣር በ6 ሜጋቢት ለማዳን የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ዝላይ ነው።

ዩቲዩብ በሩን ቶሎ ከፈተ፤ በሜይ 2023 ኦቢኤስ 29.1 ሲወጣ ኤቪ1ን ወደ ዩቲዩብ በቀጥታ መላክ ተቻለ። የጌም ስርጭት ዋና አደባባይ የሆነው ትዊች ግን በኤች.264 ቆየ። ምክንያት አለው። የተመልካቾች ስልክና ቴሌቪዥን ሁሉ ኤች.264ን ይፈታል፤ ኤቪ1ን ለመፍታት ግን አዲስ ዕቃ ይፈልጋል። ስትሪመሩ በኤቪ1 ቢልክ ትዊች ለአሮጌ ስልኮች ወደ ኤች.264 የሚቀይርለት ሰርቨር ማቆም ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ ነው። እንዲህም ሆኖ ካርድ የገዛው ስትሪመር የከፈለበትን ኢንኮደር ለዓመታት ሥራ ፈትቶ ማየቱ ፍትሐዊ ነው ብዬ አልቀበልም።

ቢት ለመድረኮች ምን ያህል እንደሚያስከፍል ኮሪያ አሳይታለች። ትዊች በሴፕቴምበር 2022 በደቡብ ኮሪያ ጥራቱን ወደ 720ፒ አወረደ። በመጨረሻም የኔትወርክ ክፍያው ከአብዛኞቹ አገሮች 10 እጥፍ ይበልጣል ብሎ በፌብሩዋሪ 2024 ከአገሪቱ ጨርሶ ወጣ። ከስርጭቱ ዋጋ ውስጥ ሌላው ትልቅ ድርሻ ትራንስኮዲንግ ነው። ስትሪመሩ የሚልከውን አንድ 1080ፒ ስርጭት ሰርቨሩ ወደ 720፣ 480 እና 360 ይቀይረዋል፤ ደካማ ኔትወርክ ያለው ተመልካች የሚስማማውን ይመርጣል። ትዊች ይህን አማራጭ ሁልጊዜ የሚያረጋግጠው ለፓርትነሮቹ፣ ማለትም ውል ለገባላቸው ስትሪመሮች፣ ነበር። ትናንሾቹ ስትሪመሮች የሚያገኙት ቦታ ሲተርፍ ነው።

ለእኛ አንባቢዎች ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በሞባይል ዳታ የሚመለከት ወጣት የ6 ሜጋቢት ስርጭትን ለአንድ ሰዓት ቢያይ 2.7 ጊጋባይት ይበላበታል። ያው ስርጭት በ1.5 ሜጋቢት፣ በ480ፒ ቢቀርብለት 675 ሜጋባይት ነው። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የሚኖር፣ አገር ቤት ተመልካች ያለው አዲስ ስትሪመር ትራንስኮዲንግ ካላገኘ ያ ወጣት ያለው ምርጫ ፓኬጁን መጨረስ ወይም መውጣት ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ይወጣል። ስትሪመሩም ለምን ተመልካች እንዳጣ ላያውቅ ይችላል።

በጃንዋሪ 2024 ትዊች፣ ኤንቪዲያና ኦቢኤስ አብረው ያስተዋወቁት አሠራር የሚነካው ይህንኑ ቦታ ነው። የስትሪመሩ ካርድ ራሱ አንዱን ምስል በአንድ ጊዜ በበርካታ ጥራት ይጨምቀዋል፤ ሁሉንም ይልካል፤ ትዊች የሚጠበቅበት ማስተላለፍ ብቻ ነው። በቴክኒክ ረገድ የሚያስደስት ነው። ቺፑ አቅም አለው፤ አርቲኤክስ 4090፣ 4080 እና 4070 ቲአይ ሁለት ሁለት ኢንኮደር አላቸው። ጀማሪው እንደ ፓርትነሩ ለተመልካቹ የጥራት ምርጫ መስጠት ቻለ፤ ይህን ከልቤ እደግፈዋለሁ።

አሠራሩ እስኪመጣ ለምን ይህን ያህል እንደዘገየ ስናይ ግን አንዱ እንቅፋት ቺፑ እንዳልነበር እንረዳለን። ኤንቪዲያ በተራ የጌም ካርዶቹ ላይ በአንድ ጊዜ የሚሄዱትን ኢንኮዲንጎች ብዛት በድራይቨሩ በኩል ይገድብ ነበር። ገደቡ ለዓመታት 2 ነበር፤ ቀጥሎ 3 ሆነ፤ በ2023 ወደ 5፣ በ2024 ወደ 8 ከፍ አለ። ሰው በእጁ የያዘው ዕቃ ከፊሉ በሶፍትዌር ተቆልፎበት ኖሯል፤ መክፈት ሲያስፈልግም አዲስ ድራይቨር ብቻ በቂ ሆኗል።

የኤሌክትሪኩ፣ የካርዱና የአፕሎዱ ዋጋ አሁን የስትሪመሩ ነው። ቀድሞ 6 ሜጋቢት ይልክ የነበረ ሰው አሁን የሁሉንም ቅጂዎች ድምር መላክ አለበት። በአሜሪካ ብዙ የኬብል ኢንተርኔት ደንበኛ ዳውንሎዱ በመቶዎች ሜጋቢት ሲሆን አፕሎዱ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ በኢትዮጵያ በሞባይል ኔትወርክ ማሰራጨት የሚሞክርም የሚቸገረው በአፕሎድ ነው። ይህን ግራፊክስ ካርድ አይፈታውም። አዲስ ካርድና ሰፊ አፕሎድ ያለው ስትሪመር ተመልካቹን ያስተናግዳል፤ የሌለው ተመልካቹን ያጣል። ኢንኮደሩ በ2019 ያጠበበው ክፍተት በሌላ በር ተመልሶ እንዳይሰፋ እሰጋለሁ።

ስለዚህ መድረኮቹ ከስትሪመሩ ቤት የሚያገኙትን ቁጠባ በሙሉ ለራሳቸው ማስቀረት የለባቸውም። ጥራቱ ዝቅ ባለ መጠን ትራንስኮዲንጉ ይረክሳል። በርካታ ቅጂ መላክ ለማይችል ስትሪመር፣ ፓርትነር ቢሆንም ባይሆንም፣ በሰርቨራቸው አንድ 480ፒ ቅጂ ሁልጊዜ እንዲያዘጋጁ መጠየቅ ተገቢ ነው።